የለጠፈ ያንሳ፦ የምርጫ ፖስተር በደሴና በኮምቦልቻ ግድግዳ ላይ

ደሴ ውስጥ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር አካባቢ በየቀኑ የማልፍበት አንድ የብሎኬት አጥር አለ። «ማስታወቂያ መለጠፍ ክልክል ነው» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፎበታል። ጽሑፉ ግን ሙሉውን አይነበብም። ግማሹን ማስታወቂያ ሸፍኖታል።

አንድ ቀን ከባድ ዝናብ ካባራ በኋላ እዚያው አጥር ሥር ቆሜ ባጃጅ እጠብቃለሁ። ውሃ የጠጣው ወረቀት ከላይ ተላጦ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ሌላ ወረቀት ይታያል። ከዚያም ሥር ሌላ። ቆጠርኳቸው። ከላይ የሙዚቃ ዝግጅት፣ ቀጥሎ «ቤት ለቤት እናስጠናለን»፣ ቀጥሎ የባህል መድኃኒት። ከሁሉም ሥር፣ ከልስኑ ጋር አንድ የሆነ፣ የ2013 ምርጫ ዕጩ። ከሰውየው የቀረው ግንባሩና አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ስሙ ጠፍቷል። የምርጫ ምልክቱም ጠፍቷል።

የአጥሩን ባለቤት አውቃቸዋለሁ። ሽማግሌ ሐጂ ናቸው። በ2013 ለልጃቸው ሠርግ ብለው አጥሩን አስለስነው፣ ነጭ ቀለም አስቀብተውት ነበር። ሳምንት አልቆየም። ጠዋት ሲወጡ ከዳር እስከ ዳር ፖስተር ተለጥፎበታል። የጠየቃቸው ሰው የለም። ቀይዋን ጽሑፍ ያስጻፉት ከዚያ በኋላ ነው።

ያ ምርጫ የተካሄደው ሰኔ 14 ቀን 2013 ነበር። ከዚያ ወዲህ ይቺ ከተማ ምን እንዳየች የደሴ ሰው አይነገረውም። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደጃችን ደረሰ። ብዙዎቻችን የያዝነውን ይዘን ወጣን። ኅዳር 27 ከተማዋ በመንግሥት ኃይሎች እጅ ተመልሳ ስትገባ፣ ተሰብሮ የጠበቀን በር ነበር፤ ባዶውን የጠበቀን ሱቅ ነበር። ፖስተሩ ግን እዚያው ነበር። እኛ ወጥተን ተመልሰናል፤ እሱ ንቅንቅ አላለም። ያኔ ነው ይህ ነገር የከነከነኝ። አንድ ወረቀት ለአንድ ምርጫ ሰሞን ተለጥፎ ለዓመታት የሚቀመጠው ለምንድን ነው? የሚያነሳውስ የማን እጅ ነው?

ምርጫና ክረምት

ነገሩ የጽዳት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ግን ከቀን መቁጠሪያው እንጀምር።

ሕገ መንግሥቱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን የሥራ ዘመን አምስት ዓመት አድርጎታል። ምክር ቤቱ ዓመታዊ ሥራውን የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። አዲሱ ምክር ቤት መስከረም ላይ እንዲቀመጥ ደግሞ ምርጫው ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። በክረምት ድምፅ መስጠት አይመችም፤ መንገድ ይቆረጣል፣ ገበሬው እርሻ ላይ ነው። ስለዚህ ምርጫዎቻችን ከክረምቱ ደጃፍ ላይ ይወድቃሉ። የ1997ቱ ግንቦት 7 ነበር። የ2002ቱ ግንቦት 15። የ2007ቱ ግንቦት 16። የ2013ቱ ሰኔ 14።

አሁን ደሴን አስቡ። ከተማዋ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ ተሰንቅራ የተቀመጠች ናት። ሐምሌ ሲገባ ጦሳ ላይ የወረደው ዝናብ ሁሉ ቁልቁል ወደ እኛ ይመጣል። በየሰፈሩ ያለው ዲች ያንን ውሃ እንዲሸከም ነው የተሠራው። ግንቦት የተለጠፈው ወረቀት ሐምሌ ላይ ይላጣል። የተላጠው መንገድ ላይ ይወድቃል። የወደቀውን ጎርፉ ጠርጎ ዲች ውስጥ ይከተዋል። ዲቹ ውስጥ ፌስታልና ጫት ገለባ ቀድመው ይጠብቁታል። ያን ጊዜ ውሃው መንገዱን ለቆ ሰው ቤት ይገባል።

ፖስተር ብቻውን ዲች ይደፍናል እያልኩ አይደለም። ዲቻችን ከፖስተርም በፊት የታመመ ነው። ግን ከተማው ሁሉ ለክረምት ዲች መጥረግ ባለበት ወር፣ እኛ አዲስ ወረቀትና ፕላስቲክ እንጨምርበታለን።

እዚያም አያበቃም። የደሴ ውሃ መጨረሻው ቦርከና ነው። ቦርከና ደሴን አቋርጦ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ከዚያ የጨፋን ረግረግ አልፎ ወደ አዋሽ ይጓዛል። ደሴ የጣልነውን ኮምቦልቻ ያለ ሰው ያየዋል። ከኮምቦልቻ በታች ደግሞ ከብቱን ከወንዙ የሚያጠጣ ገበሬ አለ። የእኛን ዕጩ የማያውቅ፣ በእኛ ምርጫ ክልል ድምፅ የማይሰጥ ሰው፣ የፖስተራችን ቁራጭ ደጁ ይደርሳል።

ፖስተር ለማን ነው?

እዚህ ላይ «እንግዲያው ይከልከላ!» የሚል ሰው ይኖራል። እኔ አልስማማም። ምክንያቴን በአንድ ገጠመኝ ላስረዳ።

ሰኞ ገበያ አንዲት ቅመም የሚሸጡ እናት አሉ። ደንበኛቸው ነኝ። በ2013 የምርጫ ሰሞን በርበሬ እየሰፈሩልኝ «ለመምረጥ ተመዘገቡ እማማ?» አልኳቸው። «ተመዝግቤያለሁ እንጂ!» አሉኝ። «ፓርቲዎቹን ያውቋቸዋል?» ስላቸው አንገታቸውን ወደ መብራት ምሰሶው መለሱ። «ፊደሉን አላውቀውም ልጄ። ሥዕሉን ነው የማውቀው። ከገበያ ስገባና ስወጣ አየዋለሁ።»

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በእኛ አገር የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ከስም ጎን ምልክት የሚቀመጠው ለእንዲህ ዓይነቱ መራጭ ተብሎ ነው። ኢሕአዴግ ለዓመታት በንብ ይታወቅ ነበር። ብልጽግና አምፖል ይዞ መጣ። ኢዜማ ሚዛን። ፊደል ላልቆጠረ ሰው ፖለቲካው የሚገባው በምልክቱ በኩል ነው። ምልክቱን የሚያስተምረው ደግሞ ፖስተሩ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ክርክር ይተላለፋል፤ እሳቸው ግን በዚያ ሰዓት ገበያ ናቸው። ማኅበራዊ ሚዲያው ስልክና ዳታ ይፈልጋል። የመብራት ምሰሶው ብቻ ነው በነጻ የሚያናግራቸው።

ለዕጩውም እንዲሁ ነው። ገንዘብ የሌለው፣ ቢሮ የሌለው፣ በግሉ የሚወዳደር ሰው ቢልቦርድ መከራየት አይችልም። ሞንታርቦ የተጫነ መኪናም የለውም። ጥቂት መቶ ወረቀት አሳትሞ፣ የእህቱን ልጆች ይዞ ማታ ማታ መለጠፍ ግን ይችላል። በጸጥታ ምክንያት ሰው መሰብሰብ በሚከብድበት ጊዜ ደግሞ የግድግዳው ዋጋ ይጨምራል። ስለዚህ ፖስተርን ጨርሶ መከልከል መጀመሪያ የሚጎዳው ደካማውን ነው። ጉልበተኛው ሌላ መንገድ አያጣም።

ብዛቱስ ከየት መጣ? መራጩ ሁለት ወረቀት ይሰጠዋል። አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለክልል ምክር ቤት። ለክልል ምክር ቤት ደግሞ አንድ ፓርቲ በአንድ ምርጫ ክልል ውስጥ ከአንድ በላይ ዕጩ ሊያቀርብ ይችላል። በዚህ ላይ የፓርቲው መሪ ፎቶ አለ፣ ምልክቱ ብቻ ያለበት ወረቀት አለ፣ መፈክር ብቻ ያለበት አለ። ይህ በፓርቲዎቹ ቁጥር ሲባዛ አንድ የመብራት ምሰሶ ከእግሩ እስከ ሰው ክንድ መድረሻ ወረቀት ይለብሳል።

ግድግዳውን ማን ያሸንፈዋል?

የምርጫ ሰሞን ግድግዳ በእኩልነት አይከፋፈልም። ብዙ ወረቀትና ብዙ ልጆች ያለው ይወስደዋል። ዛሬ ማታ አንዱ ይለጥፋል፤ ነገ ማታ ሌላው ላዩ ላይ ይለጥፋል፤ ከነገ ወዲያ የመጀመሪያው ተመልሶ ይመጣል። ፒያሳ ላይ አንድ ምሰሶ በሳምንት ውስጥ ሦስቴ መልኩን ሲቀይር አይቻለሁ። በመጨረሻ የሚታየው ወረቀት ያላለቀበት ሰው ነው።

የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162/2011 አለን። የሥነ ምግባር ድንጋጌው የሌላውን ተወዳዳሪ የቅስቀሳ ጽሑፍ ማበላሸትን ይከለክላል። ጥሩ ነው። መቅደድ ለሁሉም ይታያል፤ ያስወቅሳል። ላዩ ላይ መለጠፍ ግን በጸጥታ የሚደረግ መቅደድ ነው። ውጤቱ አንድ ነው፦ ቅመም ሻጯ እናት ያንን ምልክት አያዩትም። የተሸፈነበት ዕጩ ለማን አቤት ይላል? «ማን ለጠፈው?» ሲባል «ደጋፊዎች ናቸው» ይባላል። ደጋፊ ደግሞ ስምና አድራሻ የለውም።

የጥሞና ጊዜም አለ። ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ባሉት አራት ቀናት ቅስቀሳ ይቆማል። ሰው ረጋ ብሎ እንዲያስብ ነው። ሞንታርቦው ዝም ይላል። መኪናው ይቆማል። ግድግዳው ግን ዝም አይልም። በ2013 የጥሞናው ቀን በመናፈሻ በኩል ስሄድ መንገዱ ጭር ብሎ፣ ከሁለቱም በኩል በመቶ የሚቆጠሩ ፊቶች እያዩኝ ነበር ያለፍኩት። ብዙዎቹ የአንድ ወገን ነበሩ። በጥሞናው ቀን የሚናገረው፣ ቀድሞ ግድግዳውን የያዘው ሰው ነው።

ደግሞ ይህ ሁሉ ወረቀት ምን ያህል ድምፅ ያመጣል? አሜሪካ ውስጥ በየሰው ግቢ የሚተከሉ የምርጫ ምልክቶችን በአራት የመስክ ሙከራዎች የፈተኑ ተመራማሪዎች ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ2016 አሳትመዋል። ያገኙት አማካይ ጭማሪ 1.7 ነጥብ ገደማ ነው። ማለትም ከመቶ ድምፅ ሁለት እንኳ አይሞላም። እዚያና እዚህ አንድ አይደለም፤ እኛ ጋር ምልክት የማስተማሩ ሥራ ይጨመርበታል። ግን አንድ ነገር ይጠቁመናል። ምልክቱን አንዴ በደንብ ያየ ሰው መቶ ጊዜ ስላየው መቶ እጥፍ አይመርጥም። አንድ ምሰሶ ላይ አርባ ወረቀት መደርደር ለዕጩውም ትርፉ ትንሽ ነው። ኪሳራው የከተማው ነው።

በቢላዋ የሚላጥ ምርጫ

ከምርጫው በኋላ ባለው ሳምንት አንድ ማለዳ፣ 12 ሰዓት ላይ፣ ፒያሳ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ አየሁ። ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሳለች። አንድ እጇ ላይ ውሃ የሞላ ሃይላንድ፣ በሌላው እጀታው የወለቀ ቢላዋ። ወረቀቱ ላይ ውሃ ታፈሳለች። ትንሽ ትጠብቃለች። ከዚያ ከጥግ ጀምራ ትፍቃለች። የላይኛው ወረቀት ይነሳል። የሥረኛው ነጭ ሽፋን ግን ይቀራል። እንደገና ውሃ፣ እንደገና ቢላዋ። ጣቶቿ በብርድ ቀልተዋል። የደሴን የሰኔ ማለዳ የሚያውቅ ያውቀዋል።

«አብሽሪ እህቴ» አልኳት። ቀና ብላ ፈገግ አለች። «በዱቄት ሙጫ የተለጠፈው እኮ ቀላል ነው» አለችኝ። «ውሃ ሲነካው ይለቃል። በኮላ የለጠፉት ነው የሚያስቸግረኝ። ቀለሙን ይዞ ነው የሚነሳ።» ሰዓቴን አየሁ። አንዷን ወረቀት ለማንሳት 8 ደቂቃ ፈጀባት። መንገዱን ገና አልጠረገችም። «የእኔ ሥራ መንገድ መጥረግ ነበር» አለች። ከዚያ ሌላ ቃል አልተናገረችም። ወደሚቀጥለው ምሰሶ ሄደች።

ለመለጠፍ ግማሽ ደቂቃ የፈጀው ነገር ለማንሳት 8 ደቂቃ ይፈልጋል። ለለጠፈው ልጅ አበል ተከፍሎታል፣ ወይም ቢያንስ ምሳ ተጋብዟል። የምታነሳው ሴት በዚያው በወር ደሞዟ ነው። ይህ እኔን በጣም ያሳዝነኛል። የአንድ ፓርቲ ወጪ የነበረው ነገር በማግሥቱ የእሷ ጉልበት ይሆናል። ማንም አያመሰግናትም፤ ያሸነፈው ደስ ብሎት፣ የተሸነፈው ከፍቶት፣ ሁለቱም ሄደዋል።

ወረቀቱ ይሄ ነው። ባነሩ ሌላ ነው። ባነር ሲታይ መጨረሻው ያማረ ይመስላል። ምርጫው ባለፈ በሁለት ቀኑ ገመዱም ላስቲኩም የለም። የጉሊት ሴቶች ለጥላ ይወስዱታል። ባጃጅ ነጂው ለመቀመጫ ልብስ ይወስደዋል። ቤቱ የሚያፈስበት ጣራው ላይ ይደርበዋል። ይህን የሚያደርግ ሰው አይወቀስም፤ ከከተማው ይልቅ እሱ ንብረት ያውቃል። ግን ፀሐይ የመታው ባነር ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ መሰነጣጠቅ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ቁርጥራጩን የሚሰበስበው የለም። አብዛኛው ባነር የሚሠራው ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ ነው። አይበሰብስም። ቢቃጠል ደግሞ ዲዮክሲን የሚባል አደገኛ መርዝ ይለቃል። በየሰፈሩ ቆሻሻ ማቃጠል ልማድ በሆነበት ከተማ ይህ የሚተነፈስ ነገር ነው። በ2017 ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ፓርላማው አጽድቋል። የእንጀራ መያዣዋን ፌስታል የከለከልን ሰዎች ስድስት ሜትር ባነርን ዝም ብለን ማለፍ ያለብን አይመስለኝም።

ኮምቦልቻ ሲወርዱ

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ሲጨርሱ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብለዋል፤ ብርዱም ቀርቷል። ችግሩም መልኩን ይቀይራል። ኮምቦልቻ የፋብሪካና የመኪና ከተማ ናት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ ደረቅ ወደቡ አለ፣ ዋናው መንገድ መሀሏን ሰንጥቆ ያልፋል። እዚያ ግድግዳው ብቻ አይደለም የሚፈለገው። ከመንገዱ በላይ፣ ከምሰሶ ምሰሶ ተወጥሮ የሚሰቀል ባነር ነው። ኮንቴይነር የጫነ መኪና ሲመጣ ገመዱን ይዞት ይሄዳል። አንድ ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። ባነሩ ከመኪናው ጀርባ እየተጎተተ፣ አንድ ባጃጅ ለጥቂት አመለጠ።

ሐረጎ ላይ ያየሁት ግን ከዚህ ይብሳል። ጠመዝማዛ መሆኑን በሚያስጠነቅቅ የመንገድ ምልክት ላይ ፖስተር ተለጥፎበት ነበር። ጉም ሲወርድ ከፊት ለፊት ያለውን መኪና እንኳ ማየት በሚያቅትበት መንገድ ላይ። ለዚህ ትዕግሥት የለኝም። የመንገድ ምልክት መሸፈን የቅስቀሳ ነጻነት አይደለም።

ሌላው ዓለም ምን ያደርጋል?

በዓለም ላይ ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ ማዘጋጃ ቤቱ በምርጫ ጣቢያዎች አጠገብ ሰሌዳ ያቆማል፤ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ እኩል ቦታ ይሰጠዋል። ከዚያ ውጭ መለጠፍ ክልክል ነው። ጃፓንም እንዲሁ፤ ሰሌዳው በቁጥር ተከፋፍሎ ለአንድ ዕጩ አንድ ሳጥን ይደርሰዋል። ፊሊፒንስ የጋራ መለጠፊያ ቦታ አላት፤ የፖስተሩም መጠን በሕግ የተወሰነ ነው፣ 60 በ90 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ህንድ ደግሞ በሰዓት ትሠራለች። ምርጫው ከታወጀ ጀምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከመንግሥት ሕንጻ፣ በ48 ሰዓት ከሕዝብ ቦታ፣ በ72 ሰዓት ከግል ንብረት ላይ ያለፈቃድ የተለጠፈ የፖለቲካ ማስታወቂያ መነሳት አለበት።

ሰሌዳ ግን ሁሉን አይፈታም። እ.ኤ.አ. በ2024 የቶኪዮ ገዢ ምርጫ 56 ዕጩዎች ቀረቡ። ሰሌዳው ጠበበ። አንድ ፓርቲ ብዙ ዕጩ አቅርቦ የደረሰውን ቦታ ገንዘብ ለሰጡ ሰዎች ለቀቀው፤ ከምርጫ ጋር የማይገናኝ ሥዕል ሁሉ ተለጠፈበት። በቀጣዩ ዓመት ሕጉን ማሻሻል ግድ ሆነ። ከዚህ የምንማረው ሰሌዳውን ስንተክል ደንቡንም አብረን መጻፍ እንዳለብን ነው።

ለእኛ ከተማ የሚሆነው

እኔ የማስበው እንዲህ ነው። ሰው በብዛት የሚያልፍባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ፤ ፒያሳ፣ ሰኞ ገበያ፣ ሸዋ በር፣ ሆጤ፣ አራዳ፣ ኮምቦልቻ ላይ መናኸሪያው። በየአንዳንዱ ከእንጨትና ከኮምፐርሳቶ አንድ ትልቅ ሰሌዳ ይቁም። እኩል ሳጥን ይከፋፈል። ቦታው በዕጣ ይሰጥ። ምልክቱ ትልቅ ሆኖ፣ ከሩቅ በሚታይ መጠን ይታተም። ቅመም ሻጯ እናት ሁሉንም በአንድ ቦታ፣ ጎን ለጎን ያዩታል። ዛሬ የሚያዩት ከላይ የተለጠፈውን ብቻ ነው። ከምርጫ በኋላ ኮምፐርሳቶው ተነቅሎ ለሚቀጥለው ይቀመጣል።

ሁለተኛው የመያዣ ገንዘብ ነው። ዕጩ ወይም ፓርቲ ቅስቀሳ ሲጀምር መጠነኛ ገንዘብ ያስይዝ። ከምርጫው በኋላ በአሥር ቀን ውስጥ የለጠፈውን ካነሳ ገንዘቡ ይመለስለት። ካላነሳ ገንዘቡ ለጽዳት ሠራተኞቹ በትርፍ ሰዓት ክፍያ መልክ ይዋል። መጠኑ ግን ለግል ዕጩ የሚከብድ መሆን የለበትም። በወረቀቱ ብዛት ልክ ቢሰላ ይሻላል፤ ሺህ ያሳተመና መቶ ያሳተመ እኩል አይያዙ። «ደጋፊዎች ናቸው የለጠፉት» የሚለው መልስም ያኔ ያበቃል፤ ፊቱ ያለበት ሰው ይጠየቃላ።

ሦስተኛው ትንሽ ነው፤ ግን ያቺ ሴት ያስተማረችኝ ስለሆነ ልጻፈው። በኮላ መለጠፍ ይቅር። የዱቄት ሙጫ ይበቃል።

አንድ ስጋት አለኝ፤ እሱንም ልደብቅ አልፈልግም። ደሴና ኮምቦልቻ አሁን የኮሪደር ልማት ላይ ናቸው። አዳዲስ የእግረኛ መንገድ፣ አዳዲስ የመብራት ምሰሶ ተተክሏል። ደስ ይላል። ግን «ውበት» የሚለው ቃል በባለ ሥልጣን እጅ ሲያዝ ሁለት ስለት አለው። ደንብ አስከባሪ የአንዱን ፖስተር «ከተማ ያቆሽሻል» ብሎ አንስቶ የሌላውን «አላየሁም» ቢል፣ የጽዳት ደንብ የቅስቀሳ መከልከያ ይሆናል። ስለዚህ ደንቡ ቅስቀሳ ሳይጀመር፣ ፓርቲዎቹ ሁሉ ባሉበት ይጻፍ። ሲነሳም ሁሉም እኩል ይነሳ፤ የተነሳው በዝርዝር ተመዝግቦ ለሁሉም ይታይ። መጀመሪያ መንገዱን ማሳየት ያለበት ደግሞ ከተማውን የሚያስተዳድረው ፓርቲ ነው። ወረቀትም፣ ባነርም፣ ሰውም ብዙ ያለው እሱ ነውና።

የሰቀለ ማውረዱ ለደሴ እንግዳ ነገር ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ለጥምቀት የሰፈራችን ልጆች መንገዱን በባንዲራ ያለብሱታል። ታቦቱ ከገባ በኋላ መሰላል ይዘው የሚዞሩት፣ ገመዱን ጠቅልለው ለዓመት የሚያስቀምጡት እነዚያው ልጆች ናቸው። ለዒድም ለመውሊድም የሚሰቀለውን የሰቀለው ያወርደዋል። ማንም አላዘዛቸውም። ነገ በዚያው መንገድ ስለሚያልፉ ነው።

ባለፈው ለ2018 ስለተቀጠረው ሰባተኛ ጠቅላላ ምርጫ ሰው ሁሉ ሲያወራ፣ ሐጂን በራቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከኋላቸው ያ አጥር አለ፤ ያቺ አንዲት ዓይንም። «ሐጂ፣ አጥሩን አያስቀቡትም እንዴ?» አልኳቸው። ከዘራቸውን ወደ ግቢው ውስጥ ቀሰሩ። ከበሩ ጀርባ፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ሁለት ያልተከፈቱ የቀለም ባልዲዎች ተቀምጠዋል። «ገዝቼዋለሁ ልጄ» አሉኝ። «ምርጫው ይለፍ ብዬ ነው።»